ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያልሰማሁት

ወንድሜ የሞተው ሰኞ ነው። እኔ የሰማሁት ቅዳሜ ነው። በመሀል ያሉትን ቀናት ካናዳ፣ ካልጋሪ፣ ማርልቦሮ ሰፈር በሚገኘው ቤቴ፣ ኩሽናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሬዲዮ ሳዳምጥ ነበር። በዓለም ላይ የሆነውን ሁሉ ሰምቻለሁ። የየት አገር መንግሥት እንደ ወደቀ፣ ዲርፉት አውራ ጎዳና ላይ ስንት መኪና እንደ ተጋጨ፣ ነገ ከዜሮ በታች ስንት እንደሚሆን ሰምቻለሁ። የወንድሜን ሞት ግን ካልጋሪ ያለ ሐበሻ ሁሉ ሲያውቅ ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ተረቱን ያወጣው ሰው የኔን ቤተሰብ የሚያውቅ ይመስለኛል።

ይህን የምጽፈው እየተናደድኩ ነው። ወራት አልፈዋል፣ ንዴቱ ሲበርድ ግን አላየሁም። የመርዶ ወግ ጠፍቶኝ እንዳይመስላችሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ሽማግሌ ተይዞ፣ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ተሄዶ ነው የሚነገረው። እኔም ራሴ በዚህ ከተማ በበረዶ ስንት ሰው በር ላይ ቆሜያለሁ፤ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ፣ የእግሬ ጣቶች ጫማዬ ውስጥ ደርቀው። ግን አገር ቤት ሰው ማታ ቢሞት ጠዋት ይረዳል። እዚህ ደግሞ የሚያረዳው ሰው ሁሉ ሺፍት አለበት። አንዱ ታክሲ ይነዳል፣ አንዷ ናይት ናት፣ ሽማግሌው ራሳቸው በአዘቦት ቀን ኦኮቶክስ ድረስ ሄደው የልጅ ልጅ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ሞቱ በእግዜር ቀን፣ መርዶው በሺፍት ሆነ።

ከኔ ወሬ መደበቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እንዲገባችሁ ስለ ሬዲዮዬ መናገር አለብኝ።

ሬዲዮ ያስወደደኝ ይኸው ወንድሜ ነው። በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል፤ ጋሼ ነው የምለው። አስተማሪ ሆኖ ሲቀጠር በመጀመሪያ ደመወዙ የገዛው ልብስ አልነበረም፤ የቆዳ ልባስ ያለው፣ ፊቱ በትናንሽ ቀዳዳ የተበሳሳ ሬዲዮ ነበር። እናታችን ዳንቴል ሠራችለት። ለሬዲዮው ነው የምላችሁ፣ ለልጇ አይደለም። ከሱ በቀር ማንም እንዲነካው አይፈቀድም ነበር። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ግን ሥራው የኔ ነው፤ ድንጋዮቹን አውጥቼ ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ፣ ዶሮ እንዳያንከባልላቸው ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ማታ መልሰን ስንከታቸው ሬዲዮው ትንሽ ይንተፋተፍና ይናገራል። ጋሼ "አየሽ፣ ባንቺ ጥበቃ ነው የሚናገረው" ይለኛል። እኔም አምነው ነበር። ዜና አንባቢዋ በስም የምታውቀኝ ይመስለኝ ነበር።

ካልጋሪ ስመጣ እንግሊዝኛ የተማርኩት ከአየር ጠባይና ከትራፊክ ዜና ነው። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ድረስ ስለ ንፋስ ስናገር ፈረንጅ የሚገርመው፣ ሆዴን ሲያመኝ ግን ለሐኪም ማስረዳት የሚያቅተኝ። የምሠራው የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት ላውንደሪ ውስጥ ነው። አለቃችን የጆሮ ማዳመጫ ከልክላለች። እኔም ሻሼን ዝቅ አድርጌ አስራለሁ፤ ከሻሹ ሥር ያለውን የምናውቀው እኔና እግዜር ነን። ቤት ውስጥ ሦስት ሬዲዮ አለኝ፤ ኩሽና፣ መኝታ ቤት፣ ቤዝመንት። መኪናዬ ሲጨመር አራት ነው። ባሌ "ይሄ መኖሪያ ነው ወይስ ጣቢያ?" እያለ ሃያ ስድስት ዓመት አብሮኝ ኖሯል።

ልጄ ደግሞ ሌላ ናት። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ አሁን ሳድል ሪጅ ሰፈር የራሷን ቤት ይዛ የምትኖር ናት። "ማሚ፣ ፖድካስት እኮ ዘ ሴም ነው" ትለኛለች። አይደለም። ፖድካስት መርጠሽ የምትሰሚው ነው። ሬዲዮ ሳትመርጪው የሚመጣ ነው፤ ጣዕሙም እሱ ነው። ይህን ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ። ነይ፣ ግማሽ ሰዓት አብረሽኝ ስሚ ብዬ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ለምኛታለሁ። እሺ ትልና አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ስልኳን ይዛ ተነስታ ትሄዳለች።

አብሮኝ የሚሰማው ጋሼ ብቻ ነበር። እሱ አዲስ አበባ በሬዲዮው፣ እኔ እዚህ በስልኬ አንድ ጣቢያ እንሰማና እሑድ እሑድ እንደዋወላለን። እንደ ሰው ደህና ነሽ ወይ አይልም። "ሰማሽው?" ነው የሚለው፤ ከዚያ ክርክር ነው። ባሌ ከሌላው ክፍል ሲሰማን የተጣላን ይመስለዋል።

እንግዲህ ጋሼ ሰኞ ሞተ። ልቡ ነው አሉ፤ ከሰዓት በኋላ ጋደም እንዳለ። ማክሰኞ ተቀበረ። በዚህ አገር ሰዓት እኔ ያኔ ተኝቻለሁ። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ የደወለችው ለኔ ሳይሆን ለባሌ ነው። ባሌ ለሽማግሌው ደወለ፣ ሽማግሌው ቅዳሜ ይሁን አሉ። እዚህ ድረስ ወግ ነው እንበል። ከዚያ በኋላ ግን የተጨነቁት በኔ ሐዘን አልነበረም፣ በኔ ሬዲዮ ነው።

በዚህ ከተማ ሰዓቱን ለየቋንቋው የሚሸነሽን አንድ ጣቢያ አለ። ለአማርኛ የደረሰን ከሰኞ እስከ ዓርብ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግማሽ ሰዓት ነው። አሥር ደቂቃው በሰላምታ ያልቃል። አንድ ዘፈን ይመጣል። ከዚያ ማስታወቂያ ነው፤ የሚከራይ ቤዝመንት፣ የጠፋ ፓስፖርት፣ በመጨረሻም የሐዘን መግለጫ። አንድ የቸኮለ ወዳጅ የጋሼን ስም ማክሰኞ ጠዋት ለጣቢያው ልኮ ነበር። አዘጋጆቹ በየቀኑ የሚለዋወጡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ባሌ አንዳንዶቹን አግኝቶ እንዳያነቡት ለመናቸው፣ አንዳንዶቹን አላገኛቸውም፤ ያላገኘው የየትኛው ቀን አዘጋጅ እንደሆነ ደግሞ አያውቅም። ሬዲዮዎቹን ሁሉ ቢደብቅ ቤቱን እንደማምሰው ያውቃል። ስለዚህ ልጄን ዘብ አቆማት።

ይህን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። ያኔ ያየሁት ሌላ ነው።

ማክሰኞ ከሥራ ስገባ የኩሽናው ሬዲዮ አንቴና ተሰብሯል። ባሌ "ስጠርግ ነው" አለኝ። ይህ ሰው ካገባኝ ጀምሮ መጥረጊያ በእጁ ይዞ አያውቅም። ተበሳጭቼ የቤዝመንቱን አወጣሁ። ወዲያው ልጄ መጣች። "ማሚ፣ ስልክሽ ስቶሬጁ ሞልቷል፣ አፕዴት ላድርግልሽ" ብላ ስልኬን ወሰደች፤ በምትኩ ኢንተርኔት የማይሠራበት አሮጌ ስልኳን ሰጠችኝ። ከዚያ ጠረጴዛው አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን አልተነሳችም። ክርኗን ሬዲዮው አጠገብ አድርጋ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

"ምን ተገኘ?" አልኳት።

"ናፍቀሽኝ ነው" አለች።

እኔም አመንኩ። ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ!

ረቡዕ በባሌ ስልክ እህቴ ጋ ደወልኩ። ድምጿ ሻክሯል። "ጉንፋን ይዞኝ ነው" አለችኝ። ጋሼስ ብላት "ጠበል ሄዷል፣ እዚያ ኔትወርክ የለም" አለችኝ። ጋሼ ጠበል ሲሄድ ሰምቼ አላውቅም። "ሬዲዮውን ይዞ ነው የሄደው?" አልኳት ለመሳቅ። ሳል ሳል አደረጋት። ከዚያ "አዎ፣ ይዞ ነው" አለችኝ። እኔም ከት ብዬ ሳቅኩ። አሁን ያን ሳቄን ሳስበው እህቴን ልይዛት፣ ላንቃት፣ ደግሞም ላቅፋት ያምረኛል።

በዚያው ምሽት፣ ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ መብራት ጠፋ። ውጭ ከዜሮ በታች ሃያ አምስት ነው። በመስኮት ሳይ የጎረቤት ቤት ሁሉ በርቷል። ለካ ባሌ የመብራቱን ብሬከር ያጠፋው ሬዲዮው ዝም እንዲል ነው። ሬዲዮው ግን በድንጋይ ነው የሚሠራው! ሃያ ስድስት ዓመት ድንጋይ ስቀይር እያየ አላስተዋለም። ከልጄ ጋር በጨለማ ተቀምጠን፣ ማሞቂያው ቆሞ፣ ሬዲዮው ብቻ እንደ ልቡ ያወራል። ባሌ ከቤዝመንት በእጅ ባትሪ እየዳበሰ ሲወጣና ሬዲዮው ሲናገር ሲሰማ ፊቱ ላይ ያየሁት ድንጋጤ ያኔ አልገባኝም ነበር። እንደ ዕድል ሆኖ የረቡዑ አዘጋጅ የተለመነ ሰው ነበር።

ሐሙስ እንጀራ ልገዛ ገባሁ። ባለ ሱቋ ሳልጠይቃት ሦስት ጨመረችልኝና እጄን ይዛ ሳትለቀኝ ቆየች። ባህሪዋ ተለውጦ መሰለኝ። ማታ ልጄ እንደ ልማዷ መጣች። ማስታወቂያው ወደ ሐዘን መግለጫው ሲደርስ እጇን ሰድዳ ጣቢያውን ቀየረችው። ሆኪ!

"ምን ሆነሻል?" ብዬ ጮህኩባት።

"ማሚ ፕሊስ፣ ጌሙ ኢምፖርታንት ነው" አለች። ይህች ልጅ ሆኪ ካየች አሥር ዓመት አልፏታል። ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት ስጠይቃት አላወቀችውም። ጣቢያውን ስመልሰው አዘጋጁ ደህና እደሩ እያለ ነበር። ያን ምሽት አኩርፌ ነው ያደርኩት። ዛሬ እንደማውቀው፣ ከመለስኩት ትንሽ ቀደም ብሎ የጋሼ ስም ሙሉ በሙሉ ተነቧል።

ዓርብ ግን ልንገራችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰትኩበት ቀን ጥቂት ነው። ልጄ ቀድማ መጣች። ሬዲዮው እስኪጀምር ስለ ጋሼ አወራኋት፤ ስለ ዳንቴሉ፣ ፀሐይ ላይ ስለማሰጣው ድንጋይ፣ ስለ ዶሮዎቹ። ዓይኗ እንባ ሞላ። ወሬ ማሳመር ችዬበት መሰለኝ፤ ይባስ ብዬ ረዘም አደረግኩት። ሬዲዮው ሲጀምር ቶሎ ቶሎ ያሉትን እየቆረስኩ ተረጎምኩላት፤ "ይሄስ ምን ማለት ነው?" እያለች ጠየቀችኝ። ማታ ስትሄድ ባሌን "ልጅህ ዛሬ ሰው ሆነች፣ የጋሼ ደም ነው የጎተታት" አልኩት። ባሌ ፊቱን አዙሮ ዕቃ ማጠብ ጀመረ። ዕቃ! ያኔ እንኳ አልነቃሁም።

ቅዳሜ ሳይነጋ በር ተንኳኳ። ባሌ ለብሶ ጨርሷል። በሩ ሲከፈት ከጃኬት በላይ ነጠላ የደረበ ሰው በረንዳውን ሞልቶታል፤ ባለ ሱቋም አለች። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ለዚህ ወግ አዲስ አይደለሁም።

"ማን ነው?" አልኩ።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ የሰጠ ይወስዳል። ወንድምሽ ዐርፏል" አሉኝ።

ጮህኩ። ያዙኝ። ጥቂት ቆይቼ "ጋሼ የሞተው መቼ ነው?" አልኳቸው።

ሽማግሌው ወደ መሬት እያዩ "ሰኞ" አሉ።

ሐዘንተኛ ሲጮህ ሰው ያውቅበታል፤ ይይዘዋል፣ ያባብለዋል። ሲሳደብ ግን ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ የለም። ባሌን ሰደብኩት። ባለ ሱቋን በሦስቱ እንጀራ ሰደብኳት። ወንድሜ አፈር ከለበሰ በኋላ እኔ ላውንደሪ ቆሜ አንሶላ እያጠፍኩ ሳንጎራጉር እንደነበር ነገርኳቸው። አንዷ ከኋላ "ተዉዋት፣ ይውጣላት" ስትል ሰማሁ፤ እሷንም ሰደብኳት። ከዚያ ሙሾው ቀጠለ፣ ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ። ሊያጽናኑኝ የፈለጉ "ቢያንስ ያን ያህል ቀን ሳታዝኚ ቆየሽ" አሉኝ። እንደ ስጦታ ነው የሚቆጥሩት። ቀብሩን ቢያንስ በስልክ አየው ነበር። እህቴን ብቻዋን አላስለቅሳትም ነበር። ይህን የነጠቀኝን ሰው ተመስገን ብዬ አላቅፈውም።

ሰው ሁሉ ተበትኖ ቤቱ ጸጥ ሲል ደግሞ ሌላው ንዴት መጣ። በሳምንቱ፣ ሰኞ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሬዲዮ ከፈትኩ። ልጄ አልመጣችም። በማግስቱም አልመጣችም። እነዚያ አራት ምሽቶች የዘብ ሥራ ነበሩ፤ ሺፍቷን ጨርሳ ሄደች ማለት ነው። ከሁሉ በላይ ያቃጠለኝ፣ እውነቱን ልናገር፣ ይህ ነው። ለሃያ ዓመት የለመንኩትን ነገር ያገኘሁ መስሎኝ የተደሰትኩት ወንድሜ በሞተ ሳምንት ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ምሳ ልትበላ መጣች። ባሌ የለም። አልቻልኩም፣ ጠየቅኳት።

"እውነቱን ንገሪኝ። ያን አራት ምሽት ሬዲዮ ልትሰሚ ነው የመጣሽው?"

እጇን ከሳህኑ አነሳች። "ኖ፣ ማሚ።"

"ትንሽም እንኳ?"

"አማርኛው በጣም ፋስት ነው፣ ሃፉ አይገባኝም። እኔ የምጠብቀው ስሙን ብቻ ነበር። ስሙን ሊጠሩ ሲሉ ቶሎ እንዳጠፋው።"

"የማንን ስም?"

"የጋሼን።"

"ታዲያ በሬዲዮ ጋሼ ብለው ይጠሩታል እንዴ?" አልኳት፤ ነገር ፍለጋ ነው።

"አይ ኖው። ለዛ ነው ዳዲን የጠየቅኩት። ማክሰኞ ካር ውስጥ ቁጭ ብለን፣ ሪል ስሙ ማነው አልኩት። እሱም እስኪያስታውስ ትንሽ ቆየ። ከዛ በእንግሊዝኛ ፊደል ስልኬ ላይ ጻፈልኝ።"

አፌ ላይ የነበረው ቁጣ እዚያው ቀረ። በኛ ቤት ስሙን የሚጠራ የለም። እኔ አፌን ከፈታሁ ጀምሮ ጋሼ ነው የምለው። ባሌ ከኔ ወሰደው፣ ልጄ ከሁለታችን። ሚስቱ እንኳ የልጆቼ አባት ነበር የምትለው። በስሙ ይጠራው የነበረው አባታችን ነው፤ እሱም ከሞተ ብዙ ዘመኑ ነው። ልጄ በየበዓሉ በስልክ "ጋሼ፣ እንኳን አደረሰህ" ስትለው ያደገች ልጅ፣ ስሙን መጀመሪያ የሰማችው ከሞተ በኋላ ነው። የሰማችውም እኔ እንዳልሰማው ለመከላከል ነው።

"አሁን ታስታውሺዋለሽ?" አልኳት።

"አዎ። አራት ቀን ሙሉ በልቤ ስለው ነበር፣ እንዳይጠፋብኝ።"

"እስቲ ጥሪው።"

አየችኝ፤ ልቆጣት መስሏት። ከዚያ በካልጋሪ አፏ ቀስ ብላ ጠራችው፤ ስሙን፣ ከዚያ የአባታችንን ስም፣ ከዚያ የአያታችንን። እኔ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ በአፌ ጠርቼው አላውቅም። ሲያረዱኝም ያለቀስኩት ጋሼ እያልኩ ነው።

"ድገሚው" አልኳት።

ደገመችው። ሦስተኛውን አብሬያት ጠራሁት።